ሳር ይዛ የወጣችው ንጋት

ንጋት ከሰው ተጣልታ አታውቅም። አንድ ቀን እንኳ ከአንዷ ጋር ተነታርካ ቢሆን ኖሮ ሳሩን ሌላ ሰው ይይዘው ነበር፤ ይኼ ሁሉ ነገርም በሷ ላይ ባልወረደ። ግን ምን ታድርግ፣ አፈጣጠሯ እንደዚያ ነው። ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር፣ አስፋልቱ ዳር ካለው ጉሊት ተቀምጣ ከጎረቤት ወረዳ ከዲጋ የሚመጣ ማንጎ ትሸጣለች። ደንበኛ ቢከራከራት እሺ፣ ጎረቤቷ ሸራዋን ወደሷ ብትገፋ እሺ፣ ደንብ አስከባሪ ተነሺ ቢላት እሺ ነው። ሽንኩርት ሻጯ ሆሳዕና ልታበሽቃት ስትፈልግ፣ "ይቺን እናቷ ያጠባቻት ወተት አይደለም፣ እሺ ነው" ትላታለች። ንጋት ትስቃለች። እሱንም እሺ ማለቷ ነው።

ተወልዳ ያደገችው አንገር ጉቲን ነው። እናትና አባቷ በደርግ ጊዜ በሰፈራ ከወሎ የመጡ ናቸው። ባቻን አግብታ ነቀምቴ ከገባች ወዲህ ኦሮምኛውን እንደ ማንኛዋም ሴት አቀላጥፋ ትናገረዋለች፤ በጣም ስትደነግጥ ብቻ "ወይ አበሳዬ" ብላ ወደ ወሎዋ ትመለሳለች። ጉሊቱ ላይ የማን ልጅ ነሽ የሚል አልነበረም። ዝናብ ሲመጣ ሁሉም አንድ ላስቲክ ስር ነው የሚሸጎጡት።

ነገሩ የመጣው በሼዱ ነው። ከጉሊቱ ጀርባ ሼድ ሊሠራ ነው ሲባል ሴቶቹ እልል ብለው ነበር። ስብሰባ ተጠርቶ "ይኼ ለእናንተ ነው፣ ከፀሐይና ከጭቃ ትወጣላችሁ" ተብለዋል። አምነው ለግንበኞቹ ውኃ ቀዱ፣ ድንጋይ አቀበሉ፣ በቆሎ ጠብሰው አበሉ። ቆርቆሮው ተመትቶ ቀለሙ ሲደርቅ ቁልፉ ወደ ሌላ ሄደ። አንዱን ባለ ፎቁ ነጋዴ ወሰደው። አንዱን የመኪና ዕቃ የሚያስመጣው ወሰደው። አንዱን ደግሞ መልኩን እንኳ ያላዩት፣ ቁልፍ የሚቀበልለት ዘመድ ያለው ሰው። ለሴቶቹ የደረሳቸው ቃል ብቻ ነው፦ መንገዱ ሊያምር ነውና ከአስፋልት ዳር ተነሡ።

"ወዴት ነው የምንነሣው?" ቢሉት ደንብ አስከባሪው፣ "እኔ የታዘዝኩት ተነሡ እንድል ነው። ወዴት የሚለውን አልነገሩኝም" አለ።

"እንግዲያው ሂድና ትምህርቱን ጨርሰህ ና" አለችው ሆሳዕና።

ሳቁ። እሱ ሲሄድ ግን ሳቁ አብሮት ሄደ። ዘይት የት እንደደረሰ ሁሉም ያውቃል፤ ጤፍማ ስሙም አይነሣ። ከዚያ ቦታ ከተነሡ በምን እንደሚያድሩ የሚያውቅ አልነበረም።

በርበሬና ኮረሪማ የሚሸጡት አዴ ድርቤ የጉሊቱ ትልቅ ሰው ናቸው። ሴቶቹን ሰበሰቡና "ከተማ አስተዳደሩ ቢሮ ድረስ ወጥተን እንንገራቸው" አሉ።

"አዴ፣ በዚህ ጊዜ ሰልፍ?" አለች ሆሳዕና። "ማን ላካችሁ ቢሉንስ? ባሁኑ ጊዜ ሴት ብታስነጥስ ማን አስነጠሰሽ ነው የሚሏት።"

"ድንጋይ ይዘን አይደለም የምንሄደው። ሳር ይዘን ነው።"

የሳር ነገር በዚያ አገር ቀልድ አይደለም። እርጥብ ሳር ይዞ የመጣ ሰው ለጠብ አልመጣም፤ ልመናው ይሰማ ዘንድ ነው የመጣው። ሳር የቀረበለት ሰው ካልፈለገ እጁን ይሰበስባል። እጁን ዘርግቶ ከተቀበለ ግን ልመናውንም ተቀብሏል፣ ከዚያ ወዲያ ለማኙን አይጎዳም። ተቀብሎ መልሶ የመታ ሰው አዴ ድርቤም አላዩ፣ እናታቸውም አላዩ።

"ፓስተራችን ሳር አትያዙ ይላል" አለች ሆሳዕና፣ ዘማሪ ናትና።

"ሳሩን ማነው ያበቀለው? ዋቃዮ ነው ወይስ ፓስተርሽ?"

"ኧረ ዋቃዮ ነው።"

"በቃ። ደግሞ ኃላፊው ጂሬኛ አይደለም? እናቱ እኮ እዚህ፣ እኔ አጠገብ፣ ጎመን ሸጣ ነው ያሳደገችው። ለሱ ሳር ምን እንደሆነ አይነገረውም።"

ከዚያ ሳሩን ማን ይያዝ ተባለ። አዴ ድርቤ "ሳር የሚይዝ ሰው ቂም የሌለበት፣ ከማንም ጋር ያልተጣላ ነው" ሲሉ ዓይን ሁሉ ወደ ንጋት ዞረ። ሆሳዕና ራሷ "ሌላ ማን አለ? ይቺ ከዝንብ ጋር እንኳ አልተጣላችም" አለች።

"እኔ?" አለች ንጋት፤ ፊቷ ቀላ። "ኧረ አዴ፣ እኔ ሰው ፊት መናገር አልችልም።"

"መናገር ማን አለሽ፣ ኢንተላ ኮ? ልጄ፣ መያዝ ነው እንጂ። እኔ ከጎንሽ አልለይም። በይ ያልኩሽን ትያለሽ፣ በቃ።"

"እሺ" አለች።

ምን ልበላችሁ፣ ያን ቀን ቤቷ ስትገባ መሬቱን የረገጠችው አይመስላትም ነበር። የሰፋሪ ልጅ ሆና፣ ከዚያ ሁሉ ሴት ተመርጣ ሳሩ ለሷ ተሰጠ። ለባቻ ስትነግረው "ያንቺ እጅ ይንቀጠቀጣል እኮ" ብሎ ሳቀባት፤ ግን ደስ ብሎታል። ጠዋት ወንዝ ዳር ወርዳ ሰርዶውን ራሷ አጨደች። የግንቦት ዝናብ አጥቦት ለምለም ነበር፤ ጤዛው እጅጌዋን አራሰው።

ሴቶቹ ነጠላቸውን አደግድገው ሲወጡ መንገድ ላይ ሰው ተጨመረ። የባጃጅ ሾፌሮች መጡ፤ ቤንዚን አጥተው ቆመዋል። ባቻም መናኸሪያ አብረውት ጭነት ከሚያወርዱት ጋር ከኋላ ተሰለፈ። መፈክር የለ፣ ጩኸት የለ። አንዳንዱ ብቻ "ኑሮ ከበደን! ሼዱ የማነው?" ይላል፤ ከዚያ ዘወር ብሎ ማን ሰማኝ ብሎ ያያል። ንጋት ከፊት ናት። ሳሩን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛ፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ ትሄዳለች። አዴ ድርቤ ከጎኗ ናቸው።

ቢሮው በር ላይ ጠመንጃ የያዙ ቆመዋል። ጂሬኛ ደረጃው ላይ ወጣ። ሱፍ ለብሷል፣ ቅላጼው ግን የሰፈር ልጅ ነው።

"እናቶቻችን!" አለ። "የእናንተ ጥያቄ የኛም ጥያቄ ነው። የኑሮ ውድነቱ እኛንም ያንገበግበናል።"

"ኧረ አንተንስ የት አግኝቶህ!" አለ አንድ የባጃጅ ሾፌር ከኋላ። ሰው ሳቀ። ጠመንጃ የያዙት ዞር ሲሉ ሳቁ ተቆረጠ።

ጂሬኛም ፈገግ አለና ደረጃውን ወረደ። ንጋት ፊት መጥቶ ቆመ። ሳሩን ከደረቷ አንሥታ አቀረበችለት። እሱም ሁለት እጁን ዘረጋ፣ ሳሩን ተቀበለ፣ ወደ ግንባሩም አስጠግቶ ነካው። "ዳገኤራ" አለ በኦሮምኛ። "ሰምቻለሁ፣ እናቶቼ።"

አንድ ካሜራ የያዘ ሰው ንጋት ፊት ላይ ተጠጋ። አዴ ድርቤ ክርናቸውን ጎኗ ላይ ገፋ አድርገው፣ በሹክሹክታ፣ "ገለቶማ በይው፣ አመስግኚው፣ ተቀብሏል እኮ" አሏት።

"ገለቶማ" አለች ንጋት።

እልልታው ቀለጠ። ጂሬኛ ትከሻዋን አቅፎ ወደ ካሜራው አዞራት። የሽቶው ሽታ ነጠላዋ ላይ ቀረ፤ ስትመለስ ሴቶቹ እየተጠጉ አሸተቷትና "ሙሽሪት!" እያሉ ቀለዱባት። የሄዱበትን ዳገት ሲወርዱት ማንም አልደከመው።

በማግስቱ ለምሳ ሰዓት ነው። ከጉሊቱ ማዶ ያለው ምግብ ቤት ቴሌቪዥን በመስኮቱ ይታያል። ሆሳዕና ድንገት ተነሥታ "ኑ! ኑ! ንጋት ታየች!" ብላ ጮኸች። ሴቶቹ ሚዛኑንም ዕቃውንም ትተው አስፋልቱን ተሻገሩ፣ መስኮቱ ላይ ተደራረቡ። ንጋትን ከፊት አደረጓት። እውነትም እሷ ናት፤ ነጠላዋ፣ ሳሩ፣ የጂሬኛ እጅ።

ከዚያ ድምፁ መጣ። የጉሊት ንግድ ላይ የተሰማሩ እናቶች፣ ከተማዋን ለማስዋብ ለተጀመረው ሥራ ያላቸውን ድጋፍ በሰልፍ ገለጹ። የመንገድ ዳር ቦታቸውን በፈቃዳቸው ለመልቀቅ መዘጋጀታቸውን አስታወቁ። ለአመራሩም ለምለም ሳር በማበርከት ምስጋናቸውን አቀረቡ። ስለ ሼዱ አንድ ቃል የለም። ኑሮ ከበደን ያለው ሰው ድምፅ የለም። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ የተሰማው የአንድ ሰው ድምፅ ብቻ ነው።

"ገለቶማ" አለች ንጋት፣ በቴሌቪዥኑ ውስጥ።

ውስጥ የሚበላ አንድ ሰውዬ ጉርሻውን እያላመጠ "ጎበዝ እናቶች" አለ።

መስኮቱ ላይ የነበሩት ሴቶች አንድ በአንድ ከንጋት ትከሻ ላይ እጃቸውን አነሡ። ያን ዕለት ስድብ ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

በነጋታው ጠዋት ግሬደሩ መጣ። ደንብ አስከባሪዎቹ "በፈቃዳችሁ ብላችኋል እኮ፣ ምን ታለቅሳላችሁ?" እያሉ ሸራውን ይነቅላሉ። የሆሳዕና ሽንኩርት ቦዩ ውስጥ ተበተነ። የንጋትም ማንጎ ከጎማው ስር ገባ፤ ቀዩ ጭቃ ቢጫ ቢጫ ሆነ። አጎንብሳ የተረፈውን ስትለቅም የሆሳዕና ጫማ ፊቷ ቆመ።

"አንቺማ ምን ትለቅሚያለሽ? ገለቶማ ብለሻል። አሁንም በይው እንጂ! ግሬደሩን ገለቶማ በይው!"

"ሆሳዕና፣ እኔ እኮ…"

"በስንት ነው የሸጥሽን?"

ንጋት አንገቷን አቀናችና አዴ ድርቤን ፈለገች። በርበሬያቸውን ከጭቃው እያፈሱ ነው። አንድ ቃል ቢናገሩ ይበቃል። እኔ ነኝ በይ ያልኳት ቢሉ ያልቃል። ዓይን ለዓይን ተያዩ፤ ከዚያ አዴ ድርቤ ጎንበስ ብለው በርበሬያቸውን ማፈስ ቀጠሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ ጠፋ። "ገለቶማ" ሆነ ስሟ። ቧንቧ ጋ ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ "ለገለቶማ ቦታ ልቀቁ፣ የመንግሥት ሰው ናት" ይባላል። እድር ላይ አጠገቧ የምትቀመጥ ሴት ጠፋች። እሷም መከራከር ስለማታውቅ ጀሪካኗን ይዛ መጨረሻ ላይ ትቆማለች።

ቢጨንቃት ጂሬኛ ጋ ሄደች። በር ላይ ጥበቃው ጉሉማ፣ የአዴ ድርቤ ልጅ፣ መሬት መሬት እያየ አስገባት። ጂሬኛ አላመናጨቃትም፤ ብድግ ብሎ ወንበር ሰጣት። ይኼ የበለጠ አሳፈራት።

"ኦቦ ጂሬኛ፣ ያቺን ነገር እንዲያስተካክሉልኝ ነው" አለች። "በቴሌቪዥን የተባለውን። እኛ ደስ ብሎን አይደለም የመጣን።"

"አንቺ ያልሽው ገለቶማ ነው። እሱም ነው የተላለፈው። ስድብ አይደለም፣ ክፉ አይደለም።"

"ሳሩን ተቀብለዋል እኮ።"

ጂሬኛ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ተቀብያለሁ" አለ። "የተቀበለው የጂሬኛ እጅ ነው። መንገዱን ያዘዘው ደግሞ ጂሬኛ አይደለም፣ ከላይ ነው። ታዲያ ምን ላድርግ? አልቀበልም ብዬ እናቶችን ላሳፍር?"

ንጋት ከየት እንደመጣላት ሳታውቅ፣ "ሳሩ የት ነው?" አለችው።

"ሳሩ?"

"አዎ። የሰጠሁዎት።"

ዙሪያውን አየ፤ መስኮቱን፣ መደርደሪያውን። "ጽዳቶቹ አንሥተውት ይሆናል" አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ሰበረ። ከዚያ ቶሎ ብሎ፣ "ስሚ ንጋት፣ አንድ ሼድ ተርፏል። ላንቺ እንዲሆን ተነጋግረናል። ጥሩ ሰው ነሽ፣ ሰላማዊ ነሽ" አለ።

"ለኔ ብቻ?"

"ለሁሉም አይበቃማ። አስቢበት፣ ቁልፉ እዚሁ አለ።"

እሺ አላለችም። እምቢም አላለችም። ግን ወሬ እግር አለው፤ እሷ ቤቷ ሳትደርስ "ሼድ ሰጧት" ተብሎ በከኒሳን አዳረሰ።

አዴ ድርቤ ቤት ሄደች። በር ላይ ቆማ "አዴ፣ እርስዎ ብቻ ነዎት ያሉኝ። ማንም እኔን አያምንም፣ እርስዎን ያምናሉ" አለች።

አዴ ድርቤ እጇን ይዘው አስቀመጧትና አለቀሱ። "ጉሉማ የቆመው ማን በር ላይ ነው? አየሽው አይደል? ማን ነው ሰልፉን የጠራው እያሉ ይጠይቁታል። እኔ ነኝ ካልኩ እሱን ነገ ያባርሩታል። የልጅ ልጆቼ ምን ይበላሉ?"

"ሰልፉን ጠራሁ አይበሉ። ገለቶማ በይ ያልኳት እኔ ነኝ ብቻ ይበሉ።"

አሮጊቷ ብዙ አሰቡ። "እሁድ ከጸሎት በኋላ ሆሳዕና ግቢ እንገናኛለን፣ የት እንሽጥ የሚለውን ለመምከር። አንቺም ነይ። እነግራቸዋለሁ። ማርያምን… አይ፣ ያንቺ መሐላ ነው እሱ" ብለው በእንባቸው መሐል ሳቁ። "በዋቃዮ ስም፣ እነግራቸዋለሁ።"

ንጋት ሳቀች። ከግሬደሩ ወዲህ የሳቀችው ያኔ ነው።

እሁድ ቀሚሷን አጥባ ለብሳ ሄደች። ሴቶቹ ሆሳዕና ግቢ ዱካና ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ስትገባ ወሬው ቆመ።

"ገለቶማም ተጠርታለች እንዴ?" አለች ሆሳዕና። "ባለ ሼድ ከኛ ጋር ምን አላት?"

ንጋት ቆማ አዴ ድርቤን ጠበቀች። አዴ ድርቤ የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው ያሻሉ። ጠበቀች። ሰው ሁሉ አንዴ እሷን አንዴ እሳቸውን ያያል።

"አዴ፣ ይንገሯቸው" አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማትም።

"ምኑን ነው ልጄ?"

"ያሉኝን። ገለቶማ በይው ያሉኝን።"

አዴ ድርቤ ቀና አላሉም። "እኔ ሳሩን ያዢ አልኩሽ እንጂ" አሉ ቀስ ብለው፣ "ተናገሪ መች አልኩሽ።"

አንድ ሰው "እህ" አለ። ሆሳዕና ከተቀመጠችበት ተነሣች። "በአሮጊት ታሳብቢያለሽ? አታፍሪም? ጥፋቱስ የኛ ነው። የሰፋሪ ልጅ ሳር ለምን እንደሚያዝ መች ታውቃለች ብለን ነው የሰጠናት!"

ከዚያ ሁሉ ነገር ይኼኛው ገባ፤ ከስሟ መጥፋት ይልቅ ይኼኛው አጥንቷ ድረስ ገባ። ከአንዷ አፍ እንኳ "ተይ ሆሳዕና" የሚል አልወጣም። አንድ ላስቲክ ስር የተሸጎጡት ሴቶች ናቸው እነዚያ። ለልጃቸው ለጉሉማ ሥራ ፈርተው ነው የሚለው ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ብትናገረው እሳቸውን ጨርሳ ታዋርዳቸዋለች፤ ወሬውም ከዚያ ግቢ ወጥቶ ቢሮ ይደርሳል፣ ልጃቸውም ከበሩ ይነሣል። አዴ ድርቤ ይኼኔ ቀና ብለው አዩዋት። ያ አስተያየት ልመና ነበር። ሳር ብቻ ነው የጎደለው።

ንጋት የጉሉማን ስም ዋጠችው። "ያሉኝ ግን እርስዎ ነዎት" አለች፤ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። "ዋቃዮም ያውቃል፣ እርስዎም ያውቃሉ።" ወጣች። አሮጊቷ አልተከተሏትም።

ቤት ስትደርስ ባቻ ሁሉን ሰምቶ ጠበቃት።

"ውሰጂው" አለ። "ሼዱን ውሰጂው በቃ። ስምሽን እንደሆነ በልተውታል። ወሰድሽም አልወሰድሽም ወስዳለች ነው የሚሉት። እንዲያው ዝናብ እንኳ አይምታሽ።"

ንጋት ከዲጋ የመጣላትን ማንጎ ዘርግታ፣ ልጣጩ ላይ የተለጠፈውን ነጭ ተባይ በእርጥብ ጨርቅ አንድ በአንድ እየጠረገች ሳፋው ላይ ትደረድራለች።

"ንጋት፣ ላንቺ ብዬ እኮ ነው። እሺ በይ።"

"አልልም" አለች።

ባቻ ቀና አለ። ከተጋቡ ጀምሮ ይቺን ቃል ከአፏ ሰምቷት አያውቅም።

"አሁን ውሸት ነው የሚያወሩት" አለች፣ ጨርቁን እየጨመቀች። "ከወሰድኩት ግን እውነት ይሆናል።"

"ማን ያውቅልሻል ታዲያ?"

"ማንም።"

ባቻ ተነሣ። ሳፋውን አንሥቶ ራሷ ላይ አደረገላት፣ እስክትደላደልም በእጁ ያዘላት። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ሊዘንብ ነው። ንጋት ከበሩ ወጥታ ወደ ፈረሰው ጉሊት በሚወስደው መንገድ አልሄደችም። ማንጎዋን ዞራ ልትሸጥ፣ ማንም በማያውቃት በኩል፣ በዲጋ መውጫ ቁልቁል ወረደች።